ቢሆነኝ የሰፋው ድንኳን

ደብረ ታቦር ውስጥ ልብስ ሰፊ «ቅዳሜ ና፣ ውሰድ» ካለ፣ ቅዳሜ ማለት ከሚመጡት ብዙ ቅዳሜዎች አንዱ ማለት ነው። ቢሆነኝ ግን ቅዳሜ ካለ ቅዳሜ ነበር። የከተማው ሰው ይህን ሲያወራ እንደ ተአምር ያወራዋል፤ ደግሞስ ከዚህ በላይ ምን ተአምር አለ? በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ የመንገዱን አቧራ እየዋጠ፣ ከአሮጌ የሲንጀር ስፌት መኪና ኋላ የተቀመጠ ረጅም ጎባጣ ሰው፣ መርፌ እንደነከሰ አንዲት ቃል ይናገራል፤ ያቺ ቃል በቀኗ፣ ተተኩሳና ታጥፋ ትጠብቅሃለች።

ስፌት የተማረው በወታደር ቤት ነው። በሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲበተን ጠመንጃውን አስረክቦ፣ የድንኳን መስፊያ ወፍራም መርፌውን በኮቱ ጠርዝ ደብቆ፣ በእግሩ ወደ አገሩ ገባ። «የተሸነፈ ሠራዊት ወታደር» ይሉት ነበር መጀመሪያ ላይ። እሱ ግን ሱሪያቸውን እያሳጠረ፣ የልጆቻቸውን ዩኒፎርም እየሰፋ፣ ቀን እየቆረጠና ቀኑን እያከበረ፣ ስድቡን ቀስ አድርጎ ተረተረው።

በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ጊዜ የአንድ ተቃዋሚ ፓርቲ ታዛቢ ሆነ። ሰው ገና ጎህ ሳይቀድ ጋቢውን ተከናንቦ ሲሰለፍ አየ፤ ሽማግሌዎች ጣታቸው ላይ ያለውን ቀለም እንደ ቀለበት ሲያሳዩ አየ። ከዚያ ትልልቆቹ አዲስ አበባ ላይ «ፓርላማ እንግባ»፣ «አንግባ» ሲባባሉ ከረሙ፤ ታች ላለው ሰው ጥያቄ ሁሉ መልስ እንዲሰጥ የተገደደው ግን እሱ ነበር። «ታዲያስ ቢሆነኝ፣ ገቡ ወይስ ወጡ?» ይሉታል፣ ሱሪ ሊያሰፉ የመጡ ሁሉ። አንድ ቀን የታዛቢነት ባጁን የአዝራር ቆርቆሮ ውስጥ ጣለና «ከእንግዲህ ፖለቲካ የሚባል ነገር በዚህ ደጅ አይለፍ» አለ።

ፖለቲካ ግን በር አያጣም። በእድር በኩል ገባ።

የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር እድሮች የተዋሃዱት ከዚያ ወዲህ ነው። ለአዲሱ እድር አዲስ ድንኳን አስፈለገና ሸራው ተገዛ፤ ቢሆነኝም በነፃ ሰፋላቸው። ስፌቷን ድርብ አደረገ፣ ጫፎቿን በቆዳ አጠናከረ፣ የጣሪያዋን ተዳፋት ለደብረ ታቦር ክረምት አስተካከለ። ተዘርግታ ባያት ቀን ዓይኑ እንባ ሞላ ይባላል። የጦር ሜዳ ድንኳን ሲሰፋ የኖረ እጅ አሁን ሰው ተሰብስቦ የሚያለቅስበትን ሰፋ፤ ይህ ለእሱ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ለእድሩ ዳኛ ሲመረጥ ግን የጉባኤው ተወካዮች በሦስት ወገን ተከፈሉ። ፈንታሁን የሚባለው የላይ ሰፈር ሰው ብዙ ተወካይ አገኘና ዳኛ ተባለ፤ ነገር ግን ግማሽ አልሞላም። ከሱ ቀጥሎ መምህር አንዱአምላክ የሚመራው የታች ሰፈር ወገን ነበር፤ ቢሆነኝም ከዚሁ ወገን ተወካዮች አንዱ ነው። ሦስተኛዎቹ የገበያ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ዳኛ ፈንታሁን በወንበሩ ላይ የተቀመጠው በገዛ ጉልበቱ ሳይሆን፣ ሌሎቹ ሁለቱ አንድ ቀን አብረው ስላልተነሡ ብቻ ነበር። ከተነሡ ይወድቃል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል።

የታች ሰፈሩ ጋሽ ወርቁ የሞቱት በነሐሴ ነው።

ዝናቡ ያን ቀን ከሰማይ አይወርድም፣ ይገለበጣል። ሰው ተሰበሰበ፣ ጥሩምባ ተነፋ፣ ድንኳኗ ግን የለችም። ዳኛ ፈንታሁን ሐሙሲት ከተማ ለሚመረቅ ሆቴል አከራይቷታል። የወርቁ ቤት ጠባብ ነው፤ ለቀስተኛው በግቢው ጭቃ ውስጥ፣ ላስቲክና የማዳበሪያ ጆንያ ራሱ ላይ ጣል አድርጎ ተቀመጠ። ጎርፍ በእግሮቻቸው መካከል እያለፈ የሙሾ አውራጇን ድምፅ ዋጠው። ባለቤታቸው እመት ሸጊቱ ከነጠላቸው ጠብ ጠብ እያለ፣ በር ላይ ቆመው ያን ሁሉ ሲያዩ ቆዩና፦

«ወርቁ ለስንቱ ድንኳን ሲተክል ኖረ። ለሱ ሲሆን ድንኳኗ ድግስ ሄደች?» አሉ።

ያ ንግግር ለማንም አልነበረም። የተመለሰው ግን ከቢሆነኝ ጉሮሮ ነው። ድንኳኗ የእጁ ሥራ ናትና የተሰደበው እሱ መሰለው።

«እሜቴ፣ ይህ ሰው ከዳኝነቱ ይወርዳል። ቢሆነኝ ብሎኛል በሉ።»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩት። «መቼ?»

«ከጥቅምት ጉባኤ አያልፍም።»

ቀን ቆረጠ። ቢሆነኝ ቀን ከቆረጠ ደግሞ ሰው ሁሉ ያውቃል።

እንዲህ አፉን ሞልቶ የተናገረው መምህር አንዱአምላክን አምኖ ነው። አንዱአምላክ ወንደላጤ፣ ጥሩ ለባሽ፣ ድምፁ የሚገርም ሰው ነው። ሲናገር ከደረቱ ውስጥ ደወል ያለ ይመስላል። ከጋሽ ወርቁ ቀብር ማግሥት ተነሥቶ «በወገኖቻችን አስከሬን ላይ የዘነበው ዝናብ በፈንታሁን ወንበር ላይ ይዘንባል!» ያለ ጊዜ፣ ታች ሰፈር በሙሉ በእልልታና በለቅሶ መካከል ሆኖ ግራ ተጋባ።

ወዲያው «ይውረድልን» የሚል ጥያቄ አቅርብ ሲሉት ግን «ሐዘን ላይ ነን፤ በሐዘን ሙግት ነውር ነው» አለ። እውነቱን ነው ተባለ። ከመስቀል በኋላ የገበያ ሰዎች ራሳቸው ጥያቄውን አቀረቡት። አንዱአምላክ ተነሣ፣ ፈንታሁንን ከእግር እስከ ራሱ ገፈፈው፣ አዳራሹ ተንቀጠቀጠ። ድምፅ ስጡ ሲባል «ለእድራችን አንድነት ስንል ከድምፅ ታቅበናል» ብሎ ቁጭ አለ። ወገኖቹም አብረውት ቁጭ አሉ። ቢሆነኝ ጉልበቱ ግማሽ እንደተነሣ ቀረ።

ሲወጡ ጠበቀው።

«መምህር፣ እንዲህ ሰድበኸው ለምን አዳንከው?»

«ጋሼ ቢሆነኝ፣ ረጋ ይበሉ እንጂ። ዛሬ ብንጥለው ምርጫ ይመጣል። ምርጫ ቢመጣ ወንበሩን ማን ይወስደዋል? የገበያ ሰዎች! እኛ ያለንንም ልናጣ እንችላለን። ጠላትን የሚጥሉት ተተኪው ሲዘጋጅ ነው።»

«እና እስከዚያ?»

«እስከዚያ እንቃወመዋለና።»

ቢሆነኝ ነገሩ ሞኝነት ነው ለማለት አልቻለም። ሒሳብ አለው። ነገር ግን ውስጡ የገማ እንቁላል እንደ ጨበጠ፣ ቅርፊቱ ደህና ሆኖ ሽታው ብቻ እንደ ደረሰው ሰው ሆነ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ትርንጎ ሽሮ እያማሰለች ጠበቀችው።

«እህስ? ወደቀ?»

«ለጥቅምት ነው።»

«የናንተ መምህር እንደ ጎረቤታችን ውሻ ነው» አለች፣ ማማሰያውን እያነሣች። «ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል፤ ሌባው ሲገባ ጭራውን ይቆላል። አንተ ደግሞ የሱ ጩኸት ዋስ ሆንህ።»

«በጥቅምት የዓመቱ ዕቅድ ይቀርባል። ዕቅዱ ከተጣለ ዳኛው በሕጉ ይወርዳል። አንዱአምላክም እቃወማለሁ ብሎ በመስቀል ምሏል።»

«አንተስ በምን ማልህ?»

እመት ሸጊቱ በበረንዳው በኩል ወደ ቤተ ክርስቲያን ባለፉ ቁጥር ምንም አይሉትም፤ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ብቻ ያልፋሉ። ያ ዝምታ ከትርንጎ ተረብ ይከብደው ጀመር።

የጥቅምቱ ጉባኤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊሆን፣ ዐርብ ማታ አንዱአምላክ ወደ በረንዳው መጣ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ጋሼ ቢሆነኝ፣ የተስፋነህ አባት አረፉ። አያ ካሳሁን፣ የጉናው።»

ተስፋነህ የነሱው ወገን ተወካይ፣ ልጅ እግር ነው። ቢሆነኝ ከንፈሩን መጠጠ። «ምስኪን! ተስፋነህስ?»

«ወዲያው ወጥቷል። ወገናችን ግን በትልቅ ሰው መወከል አለበት። በእርስዎ ካልሆነ በማን?»

«እሑድ ድምፁስ?»

«ቆጥሬዋለሁ። እርስዎ ባይኖሩም ይወድቃል። ለቅሶ ቀርተው ድምፅ ቢሰጡ ግን ሰው ምን ይላል?»

እዚህ ላይ ቢሆነኝ እንደማንኛውም የአገሩ ሰው ተሸነፈ። ለቅሶ ተብሎ አይመረመርም። የሞተውን ሰው ማን ገደለው ተብሎ ይጠየቃል እንጂ፣ በእርግጥ ሞቷል ወይ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም።

ቅዳሜ ማለዳ መኪና እስከሚደርስበት ወጣና ቀሪውን በእግሩ ተያያዘው። ጉና በጭጋግ ተጠቅልላለች። ረዣዥሞቹ የጅብራ ተክሎች ዳገቱ ላይ ራሳቸውን ነቅንቀው የቆሙ ለቀስተኞች ይመስላሉ። የተነገረው መንደር ከማዶ ብቅ ሲል ወጉ እንደሚያዘው ጋቢውን አዘቅዝቆ ለበሰና ከተረተሩ ላይ ድምፁን ለቀቀ።

«ወንድሜን! አያ ካሳሁንን! የጉናውን የአስታ ዛፍ! ወየው!»

ብርዱ ድምፁን ወሰደው፤ ገደሉ መለሰው። ሴቶች ከየጎጆው ወጡ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ ጩኸቱን ተቀበሉት። ለቅሶ የሰማ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ማን እንደሆነ ኋላ ይጠይቃል። ከድንች ማሳ አንድ ሽማግሌ ዶማቸውን ጥለው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ እንደሆኑ፣ እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ መጡና ቢሆነኝን አንገቱን አቅፈው አለቀሱ። ረጅም አለቀሱ። ከዚያ፦

«ማን ነው የሞተብን ልጄ?» አሉ።

«አያ ካሳሁን ናቸዋ!»

«የትኛው ካሳሁን?»

«የተስፋነህ አባት።»

ሽማግሌው እጃቸውን ከአንገቱ ቀስ ብለው አነሡ። «እሱማ እኔ ነኝ።»

ጩኸቱ ቀጥ አለ። አንዲት ሴት አማተበች። ሌላዋ ሳቋን በነጠላዋ ልትውጥ ታገለች። አያ ካሳሁን ራሳቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «እኔ እንኳ ለሞቴ አልቸኮልኩ፤ አንተን ማን አስቸኮለህ?» አሉት።

ቢሆነኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወድ ነበር። «ተስፋነህስ የት ነው?» አለ።

«ለስለት ጣራ ገዳም እሄዳለሁ ብሎ ላከብኝ። ያ መምህራቸው ዛሬውኑ ሂድ፣ ስለት አያድርም አለው አሉ። በከተማችሁ ምን ነበር?»

«ነገ ድምፅ ነበረ።»

ሽማግሌው የእጃቸውን ጭቃ አራገፉ። «እንግዲያ የሞተውን አወቅነው» አሉና እጁን ይዘው ወደ ቤት አስገቡት። ድንች ቀቀሉለት፣ አረቄ ቀዱለት። ጭጋጉ መንገዱን ዘግቶ ነበርና እዚያው አደረ። በልቶ ጠጥቶ ከጎናቸው ተኛ፤ ላልሞተ ሰው አልቅሶ የሟቹን አረቄ መጠጣት አንገሸገሸው። አንዱአምላክ የነካው ድምፅ አሰጣጡን ብቻ አይደለም። በእንባ ነው የቆመረው። ለዋሾው የሰው ልጅ እንኳ የቀረለትን፣ የማይጠረጠረውን አንድ ነገር አንሥቶ የእጁ ማበሻ አደረገው።

እሑድ ማለዳ ወረደ። መኪና ዘገየ። ደብረ ታቦር ሲደርስ ጉባኤው ተበትኖ፣ ትርንጎ በር ላይ ቆማለች። ፊቷን ሲያይ አወቀ።

«በአንድ ሰው ተረፈ» አለችው። «መምህርህ ደግሞ ለመቃወም የመጀመሪያው ሆኖ ተነሣ! እጁን አውለበለበ፣ ጮኸ። ሲያበቃ ለሕዝቡ ምን አለ መሰለህ? ‹ቢሆነኝና ተስፋነህ ቢገኙ ኖሮ ዛሬ ድል የእናንተ ነበረ። ምን ላድርግ፣ የገዛ ወገኔ ከዳኝ› አለ።»

«ሸጊቱስ? ነበሩ?»

«ነበሩ።»

ሳይቀመጥ ወደ እመት ሸጊቱ ቤት ሄደ። በራቸው ላይ ገብስ እየለቀሙ አገኛቸው። ቀና አላሉም።

«እሜቴ፣ ተታልዬ ነው...»

«ቅዳሜህ አለፈ ልጄ» አሉት በለሆሳስ።

በሃያ ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ማንም ብሎት አያውቅም። ጦሩ ሲበተን እንኳ እንዲህ አልተዋረደም፤ ያኔ የተሸነፈው መንግሥት ነበር። ወደ መንገዱ ወጣ። ምራቁ መረረው፤ ቢተፋም መረረው። ከአንዱአምላክ ቤት መታጠፊያ ሲደርስ ቆመ። ጋቢውን አወረደ፣ አዘቀዘቀ። ከዚያ ከጉና ተረተር ላይ በጮኸበት ድምፅ፣ ከዚያም በበረታ ድምፅ ጮኸ።

«ወንድሜን! አንዱአምላክን! የታች ሰፈሩን ደወል! ወየው!»

በሮች ተከፈቱ። የአንዱአምላክ በር ግን በቁልፍ እንደተዘጋ ነው፤ ሰውየው ከጉባኤው ወደ አንድ ሆቴል ቢራ ሊጠጣ ሄዷል። መንደሩ ይህን አያውቅም። «ሬሳው ከሆስፒታል እየመጣ ነው» አለ አንዱ፣ ማንም ሳይነግረው። ሴቶች ወገባቸውን አሰሩ። ቢሆነኝ ደረቱን እየደቃ ሙሾ አወረደ፦

«ሰማይ ሲያጉረመርም ዝናብ መጣ ብዬ፣
ዘር ይዤ ብወጣ ጭጋግ ነው ጌታዬ።»

ሴቶቹ ተቀበሉት። እመት ሸጊቱም መጡ፤ ማን ሞተ ሳይሉ፣ የከዳቸውን ሰው ድምፅ እየተከተሉ እያለቀሱ መጡ። ጥሩምባው ተነፋ። ጎረምሶች እየሮጡ ድንኳኗን አመጡ፣ ካስማውን መቱ፣ ምሰሶዎቿን አቆሙ። እንዴት ፈጠነች! ቢሆነኝ በእንባው መካከል ድርብ ስፌቱን አየ። አንድም ክር አልተፈታም።

ያኔ ዳኛ ፈንታሁን መጣ። ኮቱን ገልብጦ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ፣ በሕዝቡ መካከል እየተገፋ መጣ። ያ ለቅሶ የይስሙላ አልነበረም። ለገዛ ወንድሙ እንዲህ ሲያለቅስ ያየው የለም።

«ወዳጄን! ምሰሶዬን! ፊት ለፊት እየሰደበ በጓዳ የደገፈኝን! ትናንት ማታ እኮ ነው ‹ሁለቱን አርቄልሃለሁ፣ አይዞህ› ያለኝ! ከእንግዲህ ማን ይቃወመኛል! ማን አለኝ፣ ከእንግዲህ ማን ይቃወመኛል!»

ለቅሶው ከዳር እየቀዘቀዘ መጣ። ፈንታሁን ብቻውን ጮኸ፣ የራሱን ድምፅ ብቻ መስማት እስኪጀምር ድረስ።

ከሕዝቡ ኋላ በኩል ሌላ ለቅሶ ተሰማ። የሚያምር፣ ከደረት የሚወጣ፣ እንደ ደወል የሚያስተጋባ። «ወገኔን! ጎረቤቴን!» እያለ፣ ቢራ ቢራ እየሸተተ፣ አንዱአምላክ ደረሰ። ድንኳን ደጁ ላይ አይቶ እንደ ወጉ ነበር የጀመረው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። የፈንታሁን እጆች ከፊቱ ወረዱ። ሁለቱ ሰዎች በድንኳኗ ስር፣ እንባቸው ገና ሳይደርቅ፣ ተያዩ።

«ማን ነው የሞተው?» አለ አንዱአምላክ።

አንድ የገበያ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ቶሎ ሞተ። አንዱአምላክ ግራና ቀኝ አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «ወገኖቼ፣ ለእድራችን አንድነት ሲባል...» ብሎ ጀመረ። ያ ድምፅ አሁንም ያምር ነበር። ቢሆነኝን ከሁሉ በላይ የቀፈፈው ይህ ነው።

እመት ሸጊቱ ንግግሩ መካከል ገቡ። ወደ ድንኳኗ ሥር ሄደው ምድር ላይ ተቀመጡ፤ ሸራውን በእጃቸው ዳበሱ።

«እዚህ ነበረች ለካ» አሉ። «ከተተከለች ዘንዳ ለወርቁ አልቅሱለት። የሱ ለቅሶ በጎርፍ ተወስዷል።»

ሴቶቹ እንደገና ነጠላቸውን አሰሩ። የላይ ሰፈር ሰው፣ የታች ሰፈር ሰው፣ የገበያ ሰው፣ ሁሉም ገብቶ ተቀመጠ። ዳኛውና መምህሩ ውጭ ቀሩ። ትንሽ ቆይተው አጥሩ ጥግ ራስ ለራስ ገጥመው ሲንሾካሾኩ ታዩ። ቢሆነኝ አያቸውና ተፋ። ሄዶ ከአሮጊቷ ጎን ተቀመጠ።

«እሜቴ» አለ፣ «በሚቀጥለው ጉባኤ...»

«ቀን አትቁረጥልኝ» አሉት፣ ሳያዩት። «ዝም ብለህ አልቅስ።»

አለቀሰ።